ካፒታልስን ከሜዳው ውጪ መከተል፦ ከዋሽንግተን ለሚነሳ የሆኪ ደጋፊ የጉዞ መመሪያ

ዋሽንግተን ካፒታልስ በ1974 ወደ በረዶ ሆኪ ሊግ ሲገባ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከሜዳው ውጪ ያደረጋቸውን የመጀመሪያዎቹን 37 ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸነፈ። ማርች 28 ቀን 1975 ኦክላንድ ላይ ካሊፎርኒያ ጎልደን ሲልስን 5 ለ 3 ሲረታ፣ ተጫዋቾቹ የሚያነሱት ዋንጫ ስላልነበራቸው የቆሻሻ በርሜል አንስተው እየተቀባበሉ ጨፈሩ፤ ፈረሙበትም። ከ43 ዓመት በኋላ፣ ጁን 7 ቀን 2018፣ እውነተኛውን ስታንሊ ካፕ ያነሳው ላስ ቬጋስ ላይ ነው። በዚያ ዓመት የጥሎ ማለፍ ጉዞው አራቱንም ተጋጣሚዎቹን ያሰናበተው በየራሳቸው ሜዳ ነበር፤ ኮሎምበስን ኮሎምበስ ላይ፣ ፒትስበርግን ፒትስበርግ ላይ፣ ታምፓን ታምፓ ላይ፣ ቬጋስን ቬጋስ ላይ። የካፒታልሱ አሌክስ ኦቬችኪን የዋይን ግሬትስኪን የ894 ጎል ክብረ ወሰን የሰበረበት 895ኛ ጎልም የተቆጠረው ኤፕሪል 6 ቀን 2025፣ ኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ በሚገኘው ዩቢኤስ አሬና ነው።

ዋሽንግተን መሃል ባለው ካፒታል ዋን አሬና ብቻ የሚመላለስ ደጋፊ እነዚህን ሁሉ ያየው በቴሌቪዥን ነው። ይህን ቡድን የሚወድ ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ተከትሎት መውጣት አለበት ብዬ አምናለሁ። እኛም ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ እንግዳ አይደለንም። አውቶቡስ ተኮናትረው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን ወይም ቡናን ተከትለው አዳማና ሐዋሳ ሲወርዱ የነበሩ ሰዎች ዛሬ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ይኖራሉ፤ ልጆቻቸው ደግሞ ቀይ ማሊያ ለብሰው እያደጉ ነው። የሚከተለው መመሪያ ለእነሱና ለወላጆቻቸው ነው።

ጨዋታውን ሲመርጡ

የመደበኛው ውድድር ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ይዘልቃል፤ ከጨዋታዎቹ እኩሌታው ከሜዳ ውጪ ነው። ካፒታልስ ያለበት ሜትሮፖሊታን የሚባለው ምድብ ስምንት ቡድኖች አሉት፦ ከካፒታልስ ሌላ ፊላደልፊያ ፍላየርስ፣ ኒው ጀርሲ ዴቭልስ፣ ኒውዮርክ ሬንጀርስ፣ ኒውዮርክ አይላንደርስ፣ ፒትስበርግ ፔንግዊንስ፣ ካሮላይና ሃሪኬንስና ኮሎምበስ ብሉ ጃኬትስ። ካፒታልስ የእነዚህን ሰባት ቡድኖች ሜዳዎች በየውድድር ዘመኑ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይጎበኛል። አራቱ ደግሞ ከዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን በሚነሳው የአምትራክ የባቡር መስመር ላይ ወይም ከመስመሩ አንድ የከተማ ባቡር ርቀት ላይ ናቸው። ለጀማሪ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። መኪና የለ፣ የማቆሚያ ክፍያ የለ፣ በበረዶ ቀን የመንገድ ጭንቀት የለ።

የመጀመሪያ ጉዞዎን ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሰዓት በሚደረግ ጨዋታ ያድርጉት። ይህ ከምመክረው ሁሉ ዋናው ነው። አንድ ጨዋታ 20 ደቂቃ የሚፈጁ ሦስት ክፍለ ጊዜዎች አሉት፤ በመካከላቸው እያንዳንዳቸው ወደ 18 ደቂቃ የሚሆኑ ሁለት እረፍቶች አሉ፤ ሰዓቱ በየፊሽካው ስለሚቆም ጠቅላላው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። 7፡00 የተጀመረ የማታ ጨዋታ ወደ 9፡40 ገደማ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ወደ ጣቢያው ደርሰው የመጨረሻውን ባቡር መያዝ አንዳንዴ ይቻላል፣ አንዳንዴ አይቻልም። 1፡00 የተጀመረ ጨዋታ ግን አመሻሹ ላይ አብቅቶ፣ እራት በልተው፣ ተረጋግተው ያስመልስዎታል። (ሰዓቱን የምጽፈው ቲኬቱ ላይ እንደሚታተመው ነው። አብሮዎት የሚሄደው ሰው በሐበሻ ሰዓት የሚቀጥር ከሆነ 7፡00 ማለት ከምሽቱ አንድ ሰዓት መሆኑን ቀድመው ይነጋገሩ።)

ጥሎ ማለፍ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። በመደበኛው ውድድር እኩል የወጡ ቡድኖች አምስት ደቂቃ ሦስት ለሦስት ሆነው ይጫወታሉ፤ ካልተለየ በቅጣት ምት ይለያሉ። በጥሎ ማለፍ ግን ጎል እስኪቆጠር ድረስ ሃያ ሃያ ደቂቃ እየተጨመረ ይቀጥላል። በ1987 ካፒታልስና አይላንደርስ ያደረጉት ሰባተኛ ጨዋታ ያለቀው በአራተኛው ጭማሪ ሰዓት፣ ከሌሊቱ 2፡00 ገደማ ነው። ስለዚህ ለጥሎ ማለፍ የሚሄድ ሰው የሚያድርበትን ክፍል ሳይዝ ከቤቱ አይውጣ።

መጀመሪያ ባቡሩ፣ ከዚያ ቲኬቱ

ብዙ ሰው የጨዋታውን ቲኬት ገዝቶ ባቡሩን ለኋላ ያቆያል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። የአምትራክ ዋጋ ቀኑ እየቀረበ በሄደ ቁጥር ይወደዳል፤ የጨዋታ ቲኬት ግን በድጋሚ በሚሸጥበት ገበያ እስከ መጨረሻው ሰዓት ድረስ ይገኛል፣ ብዙ ጊዜም ሲቃረብ ይረክሳል። መደበኛው ባቡር እስከ ፊላደልፊያ ሁለት ሰዓት የማይሞላ፣ እስከ ኒውዮርክ ደግሞ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። አሴላ የሚባለው ፈጣኑ ባቡር ኒውዮርክ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ያተርፋል፤ ለዚህ ሲባል የሚጨመረው ገንዘብ ግን ለሆኪ ጉዞ አያዋጣም።

የጨዋታው ሰዓት ለቴሌቪዥን ሲባል አልፎ አልፎ ይቀየራል። ስለዚህ የባቡር ቲኬትዎ ያለ ብዙ ቅጣት የሚለወጥ ዓይነት መሆኑን አይተው ይግዙ፤ ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊትም የጨዋታውን ሰዓት እንደገና ያረጋግጡ።

የጨዋታ ቲኬት ዛሬ ወረቀት አይደለም፤ ስልክዎ ላይ ያለ ኮድ ነው። ኮዱ በየጊዜው ስለሚቀያየር ፎቶ አንስቶ የላከልዎ ሰው ምንም አልላከልዎትም፤ በር ላይ ይመልሱዎታል። ከማያውቁት ሰው በማኅበራዊ ሚዲያ አይግዙ። ከሚያውቁት ሰው ሲገዙም በመተግበሪያው በኩል ወደ ስምዎ እንዲያስተላልፍልዎ ያድርጉና ስልክዎ ላይ መግባቱን አይተው ገንዘቡን ይክፈሉ። ዋጋ ሲያነጻጽሩ የአገልግሎት ክፍያው የተደመረበትን የመጨረሻ ቁጥር ይዩ። አምስት ሆነው የሚሄዱ ከሆነ ሁሉም ቲኬት አንድ ስልክ ላይ ተከማችቶ እንዳይቀር እዚያው ቤት እያሉ ይከፋፈሉ፤ ባትሪ የሚያልቀው ሁልጊዜ በር ላይ ነው።

የት ይቀመጡ?

እዚህ ላይ የእንግዳ ደጋፊ ስሌት ከባለሜዳው ደጋፊ ስሌት ይለያል። ቡድኖች በየክፍለ ጊዜው ጎን ይቀያየራሉ። ሊጉ ባለው ደንብ መሠረት ባለሜዳው ቡድን ጨዋታውን የሚጀምረው ለራሱ ተጫዋቾች መቀመጫ ቅርብ የሆነውን ጎል እየጠበቀ ነው። ይህም ማለት እንግዳው ቡድን በመጀመሪያውና በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የሚያጠቃው በዚያው በባለሜዳው መቀመጫ በኩል ወዳለው ጎል ነው። የባለሜዳው ደጋፊ ቡድኑ ሁለት ጊዜ የሚያጠቃበትን ተቃራኒ ጎን ይሻማል፤ እርስዎ ግን በባለሜዳው መቀመጫ በኩል ያለውን ጫፍ ይምረጡ። የኦቬችኪንን ምት ከግብ ጠባቂው ጀርባ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ያዩታል። ቲኬት ከመግዛትዎ በፊት የአዳራሹን ካርታ ከፍተው የተጫዋቾቹ መቀመጫዎች የት እንዳሉ ይፈልጉ፤ ብዙዎቹ ካርታዎች ያሳያሉ።

ከመስታወቱ አጠገብ ያሉት የፊት ረድፎች በጣም ውድ ናቸው። ተጫዋች ከመስታወቱ ጋር ሲጋጭ ወንበርዎ ድረስ ይሰማዎታል፤ ይህን አንድ ጊዜ ማየት የሚያስቆጭ አይደለም። ጨዋታውን እንደ ጨዋታ ለማንበብ ግን ከ10ኛው ረድፍ በላይ ይውጡ። ከላይኛው ደርብ የመጀመሪያ ረድፎች የማቀበሉ መስመር ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ዋጋውም ለቤተሰብ ይቻላል። ለእኔ ከሁሉ የሚሻለው ቦታ የላይኛው ደርብ ጥግ ነው።

ሕፃናት ይዘው ከሆነ ግን ከጎል ጀርባ ያሉትን፣ መረብ የተዘረጋላቸውን ቦታዎች ይምረጡ። የሚጫወቱበት ፓክ ከ156 እስከ 170 ግራም የሚመዝን ጠንካራ ላስቲክ ነው፤ እንዳይነጥር ከጨዋታው በፊት ይቀዘቅዛል፤ ሲመታ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ሊበር ይችላል። በ2002 ኮሎምበስ ላይ የ13 ዓመት ልጅ ተመልካች ሆና በተቀመጠችበት ፓክ መትቷት ሞተች። ከጎል ጀርባ ያሉት መረቦች በሊጉ ሁሉ የግዴታ የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። በጎንና በጎን ግን መረብ የለም። እዚያ ሲቀመጡ ጨዋታ እየተካሄደ ስልክ አያዩ፤ ልጅዎም እንዳያይ ያድርጉ።

ምን ይልበሱ፣ ምን ይያዙ?

የካፒታልስ ቀለም ቀይ ነው፤ በሰው ከተማ ቀይ ለብሶ መታየት ደግሞ የጉዞው ግማሽ ደስታ ነው። ፊላደልፊያ ላይ አዳራሹ ብርቱካናማ ስለሚሆን ቀይዎ ጎልቶ ይታያል። ፒትስበርግ ጥቁርና ወርቃማ፣ ኒውዮርክ ሰማያዊ ነው። ነገር ግን ኒው ጀርሲና ካሮላይናም ቀይ ለባሾች ናቸው። እዚያ ቀይ ማሊያ ይዘው ከሄዱ ከባለሜዳው ደጋፊ መሃል ሟሙተው ይቀራሉ፤ ጓደኛዎን ከሩቅ መለየት እንኳ ያስቸግራል። ለእነዚህ ሁለት ከተሞች ነጩን ማሊያ ይዘው ይሂዱ። ቡድኑም በእንግድነት ሲጫወት አብዛኛውን ጊዜ የሚለብሰው ነጩን ነው፤ ከ2003 ጀምሮ በሊጉ ጥቁሩን ወይም ደማቁን የሚለብሰው ባለሜዳው ነው።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ብርድ ከውጪው ይለያል። ቀዝቃዛ አየር ከበረዶው ቀስ እያለ ይወጣል፤ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የማይታወቅዎት በሦስተኛው እግርዎ ላይ ይደርሳል። ወፍራም ካልሲና ከማሊያው ሥር የሚለበስ ሹራብ ይበቃል። ማሊያው በሹራብ ላይ እንዲሄድ ተደርጎ ሰፊ ነው። አረጋዊ እናት ወይም አባት ይዘው ከሆነ ጋቢ ይጨምሩ፤ በየትኛውም አዳራሽ ጋቢ የለበሰ ሰው አይከለከልም።

ቦርሳ ግን ይከለከላል። አዳራሾቹ የሚፈቅዱት መጠን ይለያያል፤ አንዳንዶቹ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ካልሆነ አያስገቡም። የጀርባ ቦርሳ ይዘው በባቡር ከሄዱ በር ላይ ይቸገራሉ። ኪስዎ የሚችለውን ብቻ ይያዙ፦ ስልክ፣ የስልክ ባትሪ መሙያ፣ መታወቂያ፣ ካርድ። ገንዘብ በጥሬው የሚቀበል መሸጫ በአዳራሾች ውስጥ እየጠፋ ነው።

በባቡር የሚደረስባቸው አራቱ አዳራሾች

ፊላደልፊያ ላይ 30ኛው ጎዳና ጣቢያ ይወርዳሉ። ከዚያ በከተማው ትራንስፖርት ድርጅት በሴፕታ የማርኬት ጎዳና ባቡር እስከ ሲቲ ሆል ሄደው፣ ወደ ብሮድ ስትሪት መስመር ቀይረው፣ ወደ ደቡብ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ኤን አር ጂ ይሂዱ። ማሊያ የለበሰውን ሕዝብ ከተከተሉ መንገድ አይስቱም። አዳራሹ ዌልስ ፋርጎ ሴንተር ይባል ነበር፤ ከ2025 ጀምሮ ስሙ ኤክስፊኒቲ ሞባይል አሬና ነው። እንዲህ ዓይነት የስም ለውጥ በየቦታው ስላለ አሮጌ መመሪያ ይዞ የሚሄድ ሰው ይደናገራል። የፊላደልፊያ ደጋፊ ምላሱ ስለታም ነው፤ ጨዋታ ግን ያውቃል። ከጨዋታው በፊት ምዕራብ ፊላደልፊያ ወርዶ እንጀራ መብላት ስለሚቻልም ይህን ከተማ ለመጀመሪያ ጉዞ ከሁሉ አስቀድማለሁ።

ዴቭልስ የሚጫወቱባት ኒዋርክ ቀላል ነች። ባቡሩ ኒዋርክ ፔን ስቴሽን ያወርድዎታል፤ ፕሩደንሻል ሴንተር ከዚያ የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ሬንጀርስ የሚጫወቱበት ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ደግሞ ከኒውዮርክ ፔን ስቴሽን በላይ የተሠራ ነው፤ ከባቡር ወርደው ደረጃውን ሲወጡ ደርሰዋል። በ1968 የተከፈተ አዳራሽ ነው፤ ጣሪያው ክብና ጎድጓዳ፣ ድምፁ ሁሉ ወደ መሃል የሚወርድ። ቲኬቱ ከአራቱ ሁሉ ይወደዳል። ወደ አይላንደርስ ለመሄድ ከዚያው ፔን ስቴሽን የሎንግ አይላንድ ባቡር ይዘው ኤልሞንት ዩቢኤስ አሬና በሚባለው ጣቢያ ይወርዳሉ። የኦቬችኪን 895ኛ ጎል የተቆጠረበትን በረዶ ለማየት ብቻ እንኳ የሚያስኬድ ቦታ ነው።

ከተቻለ በሩ እንደተከፈተ ይግቡ። ጨዋታው ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ሁለቱም ቡድኖች ለማሟሟቂያ ይወጣሉ። በብዙ አዳራሾች በዚህ ጊዜ የላይኛው ደርብ ቲኬት የያዘ ሰውም እስከ መስታወቱ ድረስ መውረድ ይፈቀድለታል። ካፒታልስ በየትኛው ጫፍ እንደሚያሟሙቅ አስተናጋጅ ይጠይቁና ልጆችዎን ከፊት ያቁሙ። በሰው ከተማ ቀይ የለበሰ ልጅ በቁጥር ጥቂት ስለሆነ ተጫዋቾች በቀላሉ ያዩታል፤ ፓክ ከመስታወቱ በላይ ወርውረው የሚሰጡትም ለእንዲህ ያለው ልጅ ነው። ዋሽንግተን ላይ በሺዎች መሃል የማይገኝ ዕድል ነው።

ጾም ላይ ከሆኑ ቀድመው ይብሉ። የውድድር ዘመኑ የነቢያትን ጾምም ዐቢይ ጾምንም ይሸፍናል፤ አዳራሽ ውስጥ የሚሸጠው ግን በአብዛኛው ሆት ዶግ፣ የዶሮ ጥብስና አይብ የፈሰሰበት በቆሎ ነው። ለጿሚ የሚተርፈው የድንች ጥብስና ፕሬትዝል ነው፤ ፕሬትዝሉንም ቅቤ ሳይቀቡት እንዲሰጡዎ ይጠይቁ።

በመኪና የሚሄዱባቸው

ፒትስበርግ በመኪና አራት ሰዓት ያህል ነው። በባቡር ሌሊቱን ስለሚገባና ሰዓቱ ስለሚረዝም አልመክረውም። የፔንሲልቬንያ ተርንፓይክ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ መቀበል ስላቆመ ኢዚፓስ የሚባለው የመንገድ መክፈያ ከሌለዎት ሂሳቡ በሰሌዳዎ ቁጥር ተመዝግቦ በፖስታ ይመጣል፤ ይህም ይወደዳል። ከጃንዋሪ እስከ ማርች በተራራው ላይ ዋሽንግተን ያልዘነበ በረዶ ሊጠብቅዎ ስለሚችል ከመነሳትዎ በፊት በመንገዱ ላይ ያለውን የሶመርሴትን አካባቢ የአየር ሁኔታ ይመልከቱ። ድካሙ ግን የሚገባው ነው። ኦቬችኪንና የፔንግዊንሱ ሲድኒ ክሮዝቢ ሁለቱም ሊጉን የተቀላቀሉት በ2005 ነው፤ ካፒታልስ በ2018 ፔንግዊንስን እዚያው ፒትስበርግ ላይ በጭማሪ ሰዓት እስኪያሰናብት ድረስ የዋሽንግተን ደጋፊ ከዚህ ቡድን ጋር ሲገናኝ የለመደው መሸነፍን ነበር።

ካሮላይና የሚጫወትባት ራሊ ወደ ደቡብ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት ከተነሱ ግን ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ ያለው የ95 መንገድ መጨናነቅ ይህን ያስረዝመዋል። ሐሙስ ማታ ወይም ዓርብ ማለዳ ይውጡ። ሌኖቮ ሴንተር (እስከ 2024 ፒኤንሲ አሬና) ከመሃል ከተማው ወጣ ብሎ በሰፊ የመኪና ማቆሚያ የተከበበ ነው። ሰዉ ከጨዋታው በፊት በየመኪናው ኋላ ስጋ እየጠበሰ ይጫወታል፤ እንግዳንም ይጋብዛል። በሆኪ ዓለም እንዲህ ያለው ልማድ ብዙ ቦታ የለም።

ኮሎምበስ ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ይነዳል። እዚያ ባለሜዳው ጎል ሲያገባ አዳራሹ ውስጥ መድፍ ይተኮሳል። ሕፃን ይዘው ከሆነ የጆሮ መሸፈኛ ግዴታ ነው። ጦርነት አይተው ለመጡ ወላጆች ደግሞ ከመግባታቸው በፊት ይንገሯቸው፤ ሳይነገራቸው መስማት የለባቸውም።

በሰው ቤት መደገፍ

ጨዋታ እየተካሄደ ከወንበር አይነሱ። አስተናጋጁ መተላለፊያው ላይ የሚያስቆምዎ ፊሽካ እስኪነፋ ነው። ወደ ፊት ጎንበስ ካሉ ከኋላዎ ያለው ሰው ግማሹ ሜዳ ይከለልበታል። ጎል ሲገባ ተነስተው ይጩኹ፤ ይህ መብትዎ ነው። አንድ የካፒታልስ ተጫዋች በጨዋታው ሦስት ጎል ካገባ ቆብዎን ወደ በረዶው ይወርውሩ፤ በሰው ሜዳም ይፈቀዳል። የማይቆጭዎትን ቆብ ማድረግ ለዚህ ነው። ዋሽንግተን ላይ በብሔራዊ መዝሙሩ መሃል ቀይ የሚለው ቃል ሲደርስ የሚጮኸውን ጩኸት ግን በሰው ከተማ ይተዉት፤ ብዙ ሰው እንደ ንቀት ይወስደዋል።

የሚሳደብ ሰው ይኖራል፤ ቡድንዎን መሳደብ ጨዋታ ነው፣ ይሳቁ ወይም ይለፉት። ስለ ቆዳዎ ቀለም የሚናገር ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ፌብሩዋሪ 2018 ቺካጎ ላይ የካፒታልሱ ጥቁር ተጫዋች ዴቫንቴ ስሚዝ ፔሊ ቅጣት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ተመልካቾች “ቅርጫት ኳስ” እያሉ ጮኹበት። አራቱ ከአዳራሹ ተባረሩ፤ ባለሜዳው ቡድንም ይቅርታ ጠየቀ። ያው ስሚዝ ፔሊ በዚያው ዓመት ላስ ቬጋስ ላይ፣ ዋንጫው በተወሰደበት ምሽት፣ ቡድኑን 3 ለ 3 ያደረገችውን ጎል አገባ። የሊጉ የመጀመሪያ ጥቁር ተጫዋች ዊሊ ኦሪም መጀመሪያ የተሰለፈው በሰው ሜዳ ነው፤ ጃንዋሪ 18 ቀን 1958፣ የቦስተንን ማሊያ ለብሶ፣ ሞንትሪያል ላይ።

እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰብዎ መልስ አይስጡ፤ ወንበሩን፣ ረድፉንና የክፍሉን ቁጥር ይያዙና ለቅርብ አስተናጋጅ ይናገሩ። አዳራሾቹ ቅሬታ በጽሑፍ መልእክት የሚላክበት ቁጥር በስክሪን ላይና በወንበር ጀርባ ያሳያሉ፤ ገና ሲገቡ ስልክዎ ላይ ያስቀምጡት። ከአጠገብዎ ያለው ሰው የሌላ ቡድን ደጋፊ ቢሆንም ምስክር እንዲሆንልዎ ይጠይቁት። ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅም የሚቆምልዎት እሱ ነው።

ድንበር ተሻግሮ

ከአንድ ወይም ከሁለት ጉዞ በኋላ ሞንትሪያል ያምርዎታል። ቤል ሴንተር ከ21 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ የሊጉ ትልቁ አዳራሽ ነው፤ ካናዲያንስ ከ1909 ጀምሮ ያለና 24 ጊዜ ስታንሊ ካፕ ያነሳ ቡድን ነው፤ ማስታወቂያው ሁሉ መጀመሪያ በፈረንሳይኛ ይነገራል። አዳራሹ ከሉሲየን ላሊየር የምድር ባቡር ጣቢያ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በብርዱ መውጣት እንኳ አያስፈልግም። ቶሮንቶም አዳራሹ ከዩኒየን ስቴሽን ጋር የተያያዘ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚያሳድር ዘመድ የሌለው ሐበሻ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ወረቀት ከሁሉ ይቀድማል። የአሜሪካ ዜጋ ፓስፖርቱን ይዞ ይሄዳል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ወደ ካናዳ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም፤ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ ፈቃዱም ቀርቶለታል፤ ነገር ግን ግሪን ካርዱንና ጊዜው ያላለፈበት የዜግነቱን ፓስፖርት ሁለቱንም ማሳየት አለበት። ግሪን ካርዱን ብቻ ይዞ አውሮፕላን ጣቢያ የሄደ ሰው ይመለሳል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ፣ ወይም በጊዜያዊ ፈቃድ የሚኖር ሰው ጠበቃ ሳያማክር ከአሜሪካ አይውጣ፤ ለአንድ ጨዋታ ሲባል ተመልሶ መግባት ሊቀርበት ይችላል። ልጆችን ያለ አንደኛው ወላጅ ይዘው የሚሻገሩ ከሆነም ከቀረው ወላጅ የተጻፈ የፈቃድ ደብዳቤ ይያዙ፤ የድንበር ጠባቂዎቹ ይጠይቃሉ።

የሚቀጥለው የውድድር ዘመን መርሐ ግብር አብዛኛውን ጊዜ በጁን መጨረሻ ወይም በጁላይ ይወጣል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት እድሳት ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ የእርስዎ ካለቀ ወይም ሊያልቅ ከተቃረበ መርሐ ግብሩን ሳይጠብቁ ማመልከቻውን አሁኑኑ ያስገቡ።